አርባ አንድ ደብዳቤ

ሲሚዩ ለመጀመሪያ ጊዜ የመጣበት ቅዳሜ እንደ ሌሎቹ ቅዳሜዎች ነበር የጀመረው። አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ተነሣሁ። በረንዳውን አጠብኩ። ሻዩን ከነወተቱ ጥጄ እስኪፈላ ድረስ የተማሪዎቼን የሒሳብ ደብተር አረምኩ። ከሐይቁ በኩል ቀዝቀዝ ያለ ነፋስ ይመጣ ነበር። ደረቅ ዓሣ በሳፋ ተሸክማ በየሰፈሩ የምትዞረው ሴትዮ በአጥሩ ጥግ ስታልፍ፣ «ማማ አዴሮ፣ ዛሬስ?» አለችኝ። ዛሬም አልገዛም አልኳት። መልሴን ስለምታውቀው እርምጃዋን እንኳ ሳትገታ አለፈች።

ማማ አዴሮ የሚሉኝ በልጄ ስም ነው፤ የእኔ ስም አዎር ነው። አዴሮ ካካሜጋ አዳሪ ትምህርት ቤት ናት። ባሌ ኦጉቱ ከሞተ ሦስት ዓመት ከአራት ወር ሆኖት ነበር። ከዚያ ወዲህ ይህ የኪሱሙ ቤት የእኔና የሁለት ዶሮዎች ነው።

በጎን ባለችው ጠባብ ክፍል የኦጉቱ ኮምፒውተር ተቀምጧል። ኦጉቱ የኮምፒውተር ባለሙያ ነበር፤ የወሩን ግማሽ ናኩሩ መሥሪያ ቤቱ፣ ግማሹን እዚህ ያሳልፍ ነበር። እኔ ትምህርት ቤቱ የሰጠኝ ላፕቶፕ ስላለኝ ማሽኑን አልነካውም። አዴሮ ግን በሚያዝያ ለዕረፍት ስትመጣ ልትማርበት እንደምትፈልግ ጻፈችልኝ። ማሽኑ አርጅቷል፤ አዲስ ዊንዶውስ አይሸከምም። ኦጉቱም ቢሆን ዩኒክስ ከሚባለው የባለሙያዎች ሲስተም ዘር ያልሆነ ነገር ወደ ቤቱ አስገብቶ አያውቅም። እሱ የጫነው ሲስተም ደግሞ ማደሻ ካገኘ ዓመታት አልፈዋል። አዲስ መምረጥና አሮጌውን ማጥፋት ያስፈልግ ነበር። አንድ ባልደረባዬ፣ ኮንዴሌ በሚባለው ሰፈር ከሴቶች ፀጉር ቤት ጋር በአንድ ግድግዳ የተለየች ሱቅ ያለችው ሰው አለ አለኝ። የቡንጎማ ሸንኮራ አገዳ ቆራጭ ልጅ ነው፣ ኮሌጅ አንድ ዓመት ተምሮ አቋርጧል፣ እጁ ግን ከብዙ ዲግሪ ይበልጣል አለኝ።

ሲሚዩ ሦስት ሰዓት ላይ መጣ። ረጅም፣ ቀጭን፣ ሸሚዙን እስከ ላይኛው ቁልፍ የሚቆልፍ ሰው ነው። ጫማውን በር ላይ አወለቀ። ወደ ክፍሏ ሲገባ መጀመሪያ ያየው ማሽኑን አይደለም፤ ወንበሩን ነው። ጀርባው የተቀደደ ጥቁር የቢሮ ወንበር ነበር።

«የእሳቸው ነው?» አለኝ።

ነው አልኩት።

«እንግዲያው በርጩማ ካለ ይስጡኝ።»

በሦስት ዓመት ውስጥ ወደዚያ ክፍል የገባ ሰው ሁሉ፣ የባሌ ወንድሞች፣ ቄሱ፣ መብራት ቆጣሪ አንባቢው ሳይቀር፣ እዚያ ወንበር ላይ ዝም ብሎ ተቀምጧል። በርጩማውን ከኩሽና አመጣሁለት። ስሰጠው ቀና ብዬ አላየሁትም።

ዲስኩ ውስጥ ያለው ነገር ምን እንደሚሆን ጠየቀኝ። ሁሉንም አጥፋው፣ የምፈልገው ነገር የለም አልኩት። ከሚያስፈልገው ትንሽ ዘለግ አድርጎ አየኝና፣ ማጥፋቱ አያስቸኩልም፣ መጀመሪያ እንምረጥ አለ። በየፍላሹ የተለያየ ሲስተም ይዞ ነበር። ከፍላሹ ይነሣል፤ ዲስኩን ሳይነካ ይሞከራል፤ ካልወደዱት ነቅሎ ማውጣት ነው።

የምፈልገው ነገር የለም ማለቴ ሙሉ በሙሉ ውሸት አልነበረም። የምፈራው ነገር ነበር። ኦጉቱ በመጨረሻው ዓመት እራት ከበላ በኋላ እዚያ ክፍል ገብቶ ይጽፍ ነበር። ሻይ ይዤለት ስገባ ስክሪኑን በሌላ ነገር ይሸፍነዋል። ምን ትጽፋለህ ስለው ደብዳቤ ይለኛል፤ ለማን እንደሆነ አይነግረኝም። በቀብሩ ዕለት ከሕዝቡ ዳር፣ ከማንጎው ዛፍ ሥር፣ ከቤተሰቡ ማንም የማያውቃት ወጣት ሴት ቆማ ስታለቅስ አየሁ። ስሟን ሳልጠይቅ ሄደች። ማሽኑ ውስጥ «ደብዳቤዎች» የሚል ፎልደር እንዳለ አውቃለሁ። ሦስት ዓመት ሙሉ አልከፈትኩትም። ሲስተሙ ሲቀየር አብሮ እንዲጠፋ ፈለግሁ፤ ማንም ሳያነበው፣ እኔም ሳላነበው።

በመጀመሪያው ቅዳሜ ኡቡንቱን ሞከርን። መልኩ ያምራል፤ ለእኛ ማሽን ግን ከበደ። ስክሪኑ ላይ የምትዞረውን ምልክት እያየን ስንጠብቅ፣ ይህ ከተማ ያደገ አማች ነው፣ ደግ ነው፣ ግን ሰፊ ቤት ይፈልጋል አለ። ለሁለተኛው ቅዳሜ ስላክዌርን አመጣ፤ ሁሉን ነገር በራስህ እጅ ሥራ የሚል ሲስተም። «ውሃ ሲጠይቁት ባልዲውን ነው የሚሰጥዎት» አለኝ። ከልቤ ሳቅሁ። ድምፄ ለራሴ እንግዳ ሆነብኝ።

በሦስተኛው ቅዳሜ ፍሪ ቢ ኤስ ዲ የሚባለውን ይዞ መጣ። ከሁሉም የዩኒክስ እውነተኛ ዘር ይህ ነው፣ ሌሎቹ በመልክ ነው የመሰሉት አለኝ። እንግዲያው ይህን እንውሰድ አልኩት። «ጨዋ ነው» አለ። «ግን ዘሩን ቆጥሮ የሚመጣ ሁሉ ለቤት አይመችም።» ይህን ሲል ዓይኑ ስክሪኑ ላይ ነበር፤ ጆሮው ግን ቀልቷል።

አንድ የሰለጠነ ሰው ለአንድ አሮጌ ማሽን የሚሆን ሲስተም ለመምረጥ ሦስት ቅዳሜ እንደማያስፈልገው አውቅ ነበር። የባለሙያ ሚስት ሆኜ አሥራ አምስት ዓመት ኖሬያለሁ። ለምን እንደሚያራዝመው ጠረጠርኩ፤ ጥርጣሬው በመጀመሪያ የሚያሳፍር ደስታ ነበረበት።

በዚያው ሦስተኛ ቅዳሜ ለምሳ ትኩስ ቆሮሶ ዓሣ ልገዛ ዱንጋ ወደሚባለው የሐይቁ ዳርቻ ሄድኩ። ሲሚዩን ከማሽኑ ጋር ትቼው አንድ ሰዓት ተኩል ቆየሁ። ስመለስ ኩሽና በር ላይ ጠበቀኝ።

«ዓሣውን ስጪኝ፣ እኔ ላጽዳው» አለኝ። «አንቺ ተቀመጪ።»

እስከዚያች ደቂቃ ድረስ «እርስዎ» ነበርኩ። ሰማሁት። እሱም እንደሰማሁት አወቀ። ሁለታችንም ምንም እንዳልተፈጠረ ሆንን። የበቆሎ ገንፎውን፣ ኡጋሊውን፣ አገነፋሁ፤ እሱ ዓሣውን ጠበሰ፤ ከአንድ ሳህን በላን። አጥንቱን እየለየ ሥጋውን ወደ እኔ በኩል ሲገፋው አየሁና ውሃ ላመጣ መስዬ ተነሣሁ። ቧንቧው ጋ ብዙ ቆምኩ።

* * *

በማግስቱ ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ የባሌ ታላቅ እኅት ፊሊስተር ክንዴን ያዘች። ነጭ የእናቶች ማኅበር ሻሿን እንዳሰረች አብራኝ እስከ ቤት መጣች፤ ሻይ ጠጣች፤ ወደ ጎን ክፍሏ ገብታ በርጩማውን አየች። ስለ ሲሚዩ ሁሉን ሰምታለች፤ ሰፈሩ ነግሯታል። የእሷን ቴሌቪዥን በግማሽ ቀን እንደሠሩት፣ የእኔ ማሽን ግን ሦስት ቅዳሜ የሚፈጅ ምን ዓይነት በሽታ እንደሆነ ጠየቀችኝ። ሲስተም እየመረጥን ነው አልኳት።

«እሱ ነው የሚመርጠው ወይስ አንቺ ነሽ የምትመረጪው?»

ሻይ ጨመርኩላት። ፊሊስተር ክፉ ሰው አይደለችም። ኦጉቱን በጀርባዋ አዝላ ያሳደገችው እሷ ናት። ስኒዋን አስቀምጣ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«ስሚኝ፣ የወንድሜ ሚስት። እኛ ዘንድ ባል የሞተባት ሴት የመቃብሩ ሚስት ናት ይባላል። አንቺ ተምረሻል፣ እንደዚያ አትኖሪም፤ እሺ፣ እሱን ተውኩት። ግን የሸንኮራ ቆራጭ ልጅ የወንድሜ ማሽን ውስጥ ገብቶ ምን እንደሚፈልግ ጠይቀሽ ታውቂያለሽ? ማሽን መክፈት የለመደ እጅ ሁሉን ይከፍታል።»

እሷ ከሄደች በኋላ ሳህኖቹን አጠብኩ። ሁለት ጊዜ አጠብኳቸው። ከዚያ ወደ ክፍሏ ገብቼ ማሽኑን አስነሣሁ፤ በሲሚዩ ፍላሽ ሳይሆን በኦጉቱ አሮጌ ሲስተም።

ኦጉቱ ያስተማረኝ አንድ ነገር አለ። እሱ የጫነው ዓይነት ሲስተም ስለ እያንዳንዱ ፋይል ከአንድ በላይ ሰዓት ይመዘግባል። መቼ እንደተጻፈ ይይዛል፤ መቼ ለመጨረሻ ጊዜ እንደተነበበም ይይዛል። ማንም ፋይሉን ከፍቶ ቢያይ፣ አንድ ፊደል ባይነካ እንኳ፣ ሰዓቱ ይቀመጣል። ስሞቹንና ሰዓቶቹን ብቻ መደርደር ግን ደብዳቤውን መክፈት አይደለም። እጄ ትእዛዙን አልረሳም። ጻፍኩት።

አርባ አንድ ፋይል ተደረደረ። በሁሉም ትይዩ ያለው የተነበበበት ቀን የትናንቱ ቅዳሜ ነበር። በሁሉም ትይዩ ያለው ሰዓት አራት ሰዓት ከአርባ ነበር።

አራት ሰዓት ከአርባ ላይ እኔ ዱንጋ ነበርኩ። ትልቁን ዓሣ እየመረጥኩለት ነበር።

 ሦስት ዓመት ሙሉ እኔ ሚስቱ ያልደፈርኩትን ፎልደር ሲሚዩ ከፍቶታል። ኦጉቱ ለዚያች ሴት ምን ብሎ እንደጻፈላት ያውቃል። እያወቀ ዓሣ አጽድቶልኛል። እያወቀ፣ እያዘነልኝ፣ «አንቺ» ብሎኛል። ያ ቃል እንግዲህ ከመውደድ አልነበረም፤ ለተታለለች ሴት የሚሰጥ ምጽዋት ነበር። 

* * *

በአራተኛው ቅዳሜ ሲመጣ በሩን በግማሽ ከፍቼ ቆምኩ። ጫማውን ሊያወልቅ ጎንበስ ሲል፣ አታውልቅ አልኩት።

ቀና አለ።

«ባለፈው ቅዳሜ አራት ሰዓት ከአርባ ላይ ምን ታደርግ ነበር?»

«ከማሽኑ ጋር ነበርኩ» አለ። «አንቺ ዓሣ ልትገዢ ሄደሽ።»

«የባሌን ደብዳቤዎች ከፍተሃል።»

እጁ ወደ ደረት ኪሱ ሄደና እዚያው ቆመ። ከዚያ ባዶውን ወረደ። «ማን ነው ያለሽ?»

«ማሽኑ።»

አየኝ። በዓይኑ ውስጥ መጀመሪያ ግራ መጋባት፣ ቀጥሎ መረዳት አየሁ፤ መረዳቱን እኔ ጥፋተኛነት አደረግሁት። እንዲክድልኝ ፈልጌ ነበር። ጮክ ብሎ ቢክድ፣ ቢሳደብ፣ ቢምል፣ ምናልባት በሩን ሙሉ በሙሉ እከፍተው ነበር።

«ማሽን አይዋሽም» አለ። «ግን ያልጠየቁትን አይናገርም።» ጫማውን አጠባበቀ። «ደህና ይሁኑ፣ ማማ አዴሮ።»

እርስዎ ሆንኩ። በሩን ዘግቼ ጀርባዬን ደገፍኩበት። በረንዳው ላይ የእግሩን ድምፅ፣ ቀጥሎ የአጥሩን በር ድምፅ ሰማሁ። ደብዳቤዎቹን ስላነበበብኝ አለቀስኩ ብዬ ለራሴ ነገርኩ።

* * *

አሥራ ሦስት ቀን አለፈ። ማሽኑ ጠፍቶ ተቀመጠ። ሲሚዩ አልደወለም፤ እኔም አልደወልኩም። ፊሊስተር ሁለት ጊዜ መጣች፤ በርጩማው ወደ ኩሽና መመለሱን አይታ አንድም ቃል አልተናገረችም፤ የዶሮ እንቁላል ብቻ አመጣችልኝ።

ዓርብ ከሰዓት በኋላ መምህራን ክፍል ተቀምጬ የፈተና ወረቀት አርም ነበር። ጥያቄው የፍጥነት ስሌት ነው። አንዲት ተማሪ፣ ጎበዝ ልጅ ናት፣ ከኪሱሙ ናይሮቢ በብስክሌት የሄደው ሰው በአራት ደቂቃ ደረሰ ብላ ጽፋለች። አሠራሩ በሙሉ ልክ ነው፤ አንድ ቦታ ላይ ነው የተሳሳተችው፤ መልሱን ግን ጽፋ ሁለት ጊዜ አስምራበታለች። ቀይ እስክሪብቶዬን አንሥቼ ሁልጊዜ የምጽፈውን ጻፍኩ። «የደረስሽበት መልስ በእውነት ይቻላል? ደግመሽ አስቢ።»

እስክሪብቶው ወረቀቱ ላይ ቆመ።

አርባ አንድ ደብዳቤ። ሁሉም አራት ሰዓት ከአርባ። አንዱ እንኳ አርባ አንድ ደቂቃ አይልም።

ዕቃዬን ሳልሰበስብ ተነሣሁ። ሞተር ያዝኩና ቤቴ ገባሁ፤ ቦርሳዬን ትከሻዬ ላይ እንዳንጠለጠልኩ ማሽኑን አስነሣሁ። ባለፈው ጊዜ የጠየቅሁት ስለ አንድ ፎልደር ብቻ ነበር። አሁን ስለ ዲስኩ በሙሉ ጠየቅሁ። የአዴሮ የሕፃንነት ፎቶዎች፤ ኦጉቱ ለሥራ የጻፋቸው ፕሮግራሞች፤ የሠርጋችን ዝርዝር፤ የማላውቃቸው በሺህ የሚቆጠሩ ፋይሎች፤ ሁሉም በዚያው ቅዳሜ ከአራት ሰዓት ከሃያ ጀምሮ በየፎልደሩ ተራ፣ እስከ አምስት ሰዓት አካባቢ ተነብበዋል። እንደዚያ የሚያነብ ሰው የለም። እንደዚያ የሚያነበው ግልባጭ የሚያወጣ ማሽን ነው። ሲሚዩ ዲስኩን በሙሉ ወደ ሌላ ዲስክ እየገለበጠ ነበር።

ሌላም ነገር ነበር፤ እሱን ማሰብ የበለጠ አሳመመኝ። ዱካውን ሊደብቅ የፈለገ ባለሙያ ዲስኩን ለማንበብ ብቻ ብሎ ይከፍተው ነበር፤ አንዲት ቃል መጨመር ነው፤ ያኔ ምንም ሰዓት አይመዘገብም። ሲሚዩ ያንን ያውቃል። አልደበቀም። ሊደበቅ የሚገባ ነገር አደርጋለሁ ብሎ አላሰበም።

ሒሳብ አስተማሪ ነኝ። አርባ አንድ ደብዳቤን ለአንድ ደቂቃ አላካፈልኩም።

* * *

ኮንዴሌ ስደርስ ሱቁ ተከፍቷል፤ መደርደሪያው ግን ግማሹ ባዶ ነው። በካርቶን የታሸጉ ዕቃዎች መሬት ላይ አሉ። ከግድግዳው ማዶ የፀጉር ማድረቂያ ይጮኻል፤ ሴቶቹ ስለ አንድ ሠርግ ይሳሳቃሉ። ሲሚዩ አንድ የተበታተነ ራዲዮ ላይ ጎንበስ ብሏል። ሲያየኝ ተነሥቶ ያለችውን አንዷን ወንበር ወደ እኔ ገፋት። አልተቀመጥኩም።

«አርባ አንድ ደብዳቤ በአንድ ደቂቃ አይነበብም» አልኩት።

«አይነበብም» አለ።

«እየገለበጥክ ነበር።»

«እየገለበጥኩ ነበር።»

«በር ላይ ለምን አልነገርከኝም?»

«ፍርዱን ጽፈው ነበር የጠበቁኝ። ምን ልጨምርበት?» መሳቢያውን ከፍቶ በፖስታ የተጠቀለለ ትንሽ ዲስክ አወጣ። ያን ቅዳሜ በደረት ኪሱ የነበረው እሱ እንደሆነ ገባኝ። በፖስታው ላይ በጥንቃቄ በተጻፈ የእጅ ጽሑፍ «የኦጉቱ፣ ሁሉም፣ ያልተከፈተ» ይል ነበር። ጠረጴዛው ላይ በመካከላችን አስቀመጠው።

«አጥፋው ብለውኝ ነበር» አለ። «አላመንኩዎትም። አሥራ አንድ ዓመት ይህን ሥራ ስሠራ ስንቱን ሰው አይቻለሁ መሰለዎት? የሞተ ሰው ዕቃ ነው፣ አጥፋው ይላሉ። ከወር በኋላ እዚያች በር ላይ ቆመው፣ አንዲት ፎቶ እንኳ አልተረፈችም ወይ ይላሉ። ለእርስዎ የለም ብሎ መመለስ አልቻልኩም። ስለዚህ ሳልነግርዎ ገለበጥኩ። መናገር ነበረብኝ። እሱ የእኔ ጥፋት ነው።»

ይቅርታ ልጠይቅህ ነው የመጣሁት አልኩት።  ተቀብያለሁ አለኝ። በእውነትም ተቀብሎ ነበር፤ ፊቱ ላይ ቂም አልነበረም። ያለው ሌላ ነገር ነበር።

«ታዲያ ለምን እንዲህ ታየኛለህ?»

የራዲዮውን ብሎን በጣቱ አንከባለለ። ከማዶ ማድረቂያው ጠፋ።

«ማማ አዴሮ፣ ነፃ ያወጣኝ ሒሳቡ ነው። እርስዎ አይደሉም። ማሽኑ ቀርፋፋ ሆኖ የደብዳቤዎቹ ግልባጭ ብቻ አንድ ሰዓት ፈጅቶ ቢሆን ኖሮስ? ዛሬም ሌባ ነበርኩ።»

  እውነቱን ነበር።

ስለ ካርቶኖቹ ጠየቅሁት። ወደ ሩቅ ሰሜን፣ ሎድዋር ልሄድ ነው አለኝ፤ እዚያ ለትምህርት ቤቶች ኮምፒውተር የሚተክል ድርጅት ከጥር ጀምሮ ሲጠራው ነበር፤ ሐሙስ ይሄዳል። ከጥር ጀምሮ ለምን እንዳዘገየው ጠየቅሁት፤ መልሱን እያወቅሁ።

«ሲስተም እየመረጥኩ ነበር» አለ።

ሁለታችንም ፈገግ አልን። ያ ፈገግታ ከለቅሶ ይልቅ ከበደኝ።

«እና የትኛውን ልጫን?» አልኩት።

«ዴቢያን። አይቸኩልም። ዛሬ ያዩትን ነገም እዚያው ያገኙታል። ለአሮጌ ማሽን እሱ ነው።»

«መቼ ወሰንክ?»

«በመጀመሪያው ቅዳሜ። በርጩማው ሳይመጣ።»

«አውቅ ነበር» አልኩት።

«ማወቅሽን አውቅ ነበር» አለኝ።

አንቺ አለኝ። ቃሉ አምልጦት እንደሆነ ወይም አስቦ እንደተናገረው አላውቅም። ዓይኑን አነሣ፤ እኔም አልሸሸሁም። በአራት ቅዳሜ ውስጥ ያልተያየነውን ያን ጊዜ ተያየን። አትሂድ የሚለው ቃል አፌ ውስጥ ነበር፤ ሙሉ ሆኖ፣ ተዘጋጅቶ። ያላወጣሁት የመቃብሩ ሚስት ስለሆንኩ አይደለም፤ ፊሊስተርንም ሰፈሩንም ፈርቼ አይደለም። ቢቀር፣ አንድ ቀን ዘግይቶ ሲመጣ፣ አንድ ነገር ሳይነግረኝ ሲቀር፣ ተነሥቼ ሰዓቱን እንደምፈትሽ ራሴን ስለማውቀው ነው። እሱም ይህን ያነበበብኝ መሰለኝ። ፖስታውን ወደ እኔ ገፋው።

«ሲጭኑ ዲስኩን መጀመሪያ ይንቀሉት» አለ። «በስህተት እንዳይጠፋ።»

ወሰድኩት። ጣቶቻችን አልተነካኩም። ወደ መንገዱ ስወጣ ሞተረኞቹ ወዴት ነሽ እያሉ ይጠሩኛል፤ ወዴት እንደሆንኩ ለመናገር ቆም ብዬ ማሰብ ነበረብኝ።

* * *

ሲሚዩ ሐሙስ ከሄደ በኋላ በመጣው ቅዳሜ ዴቢያንን ብቻዬን ጫንኩ። ከባድ አልነበረም። ይጠይቃል፤ ይመልሱለታል፤ ይጠብቃል። የተጠቃሚ ስም ሲጠይቀኝ የአዴሮን ጻፍኩ። አሮጌው ሲስተም ሊጠፋ ሲል አንዲት መስመር ስክሪኑ ላይ ወጣች፤ አነበብኳት፤ እሺ አልኩ። ሁለት ሰዓት ያህል ከፈጀ በኋላ የሲሚዩን ዲስክ ሰካሁና ደብዳቤዎቹን መለስኩ። የኦጉቱ ወንበር ላይ ተቀምጬ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አነበብኳቸው።

ለውሃ ድርጅቱ የተጻፉ ስድስት ደብዳቤዎች አሉ፤ ስለሚንጠባጠበው ቧንቧ። ለሰፈሩ ሊቀመንበር ስለ ጎረቤት ፍየሎች። ለአዴሮ ትምህርት ቤት ስለ መነጽሯ። ለወንድሙ ስለ እናታቸው አጥር። አንዱ ናኩሩ ላለ አለቃው የተጻፈ ነው፤ ጃሲንታ የምትባል ወጣት ጸሐፊ ትጉህ ሠራተኛ ስለሆነች ዕድገት ይገባታል ይላል። ማንጎው ሥር ያለቀሰችው ምናልባት እሷ ናት። አብዛኞቹ ደግሞ የአንድ ደብዳቤ አምስትና ስድስት ረቂቅ ናቸው፤ የፊደል ስህተት ይበዛባቸዋል፤ ከአንዱ ወደ ሌላው ስህተቱ እየቀነሰ ይሄዳል። ኦጉቱ ስክሪኑን የሚሸፍነው ከእኔ ቀይ እስክሪብቶ ነበር። ሌላ ሴት የለችም። ለእኔም የተጻፈ የለም።

አንብቤ ስጨርስ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ሆኖ ነበር። ምሳ አልሠራሁም። ክፍሏን ጠረግሁ፤ የስክሪኑን አቧራ ወለወልኩ፤ መስኮቱን ከፈትኩ። አዴሮ በሚቀጥለው ሳምንት ትመጣለች። ኮምፒውተሩ ይሠራል። የኦጉቱ ደብዳቤዎች አንድም ሳይጎድሉ አሉ። ሲሚዩ የለም።